ቢዝመዝ እየወሰደ ምላሱ የጠቆረ ሰው መድኃኒቱን ያቁም? (የውይይት ክር፣ ከ22 ምላሾች ጋር)

መነሻ ጽሑፍ

ጥያቄውን ያነሳው የመድኃኒት መደብር ባለሙያ ነው። ለጨጓራ ባክቴሪያ አራት መድኃኒት በአንድ ላይ የታዘዘለት ደንበኛ በስድስተኛው ቀን ምላሱ ከመሃል እስከ ሥሩ ጥላሸት የተቀባ መስሎ መጣ። አያመውም፣ አያተኩሰውም፤ አፉን ግን ብረት ብረት ይለዋል። የሚወስደው ቢዝመዝ ሰብሳሊሲሌት፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና ኦሜፕራዞል ነው። ቤተሰቡ ጉበቱ ተነክቷል ብለው ክኒኑን ሊያስጥሉት ተነስተዋል። ያቁም ወይስ ይጨርስ? ጠያቂው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩ በሁለት ምላሽ ይዘጋ ነበር። እሱ ግን እግረ መንገዱን የምላስን ቀለም የሚቀይረውን ሁሉ በአንድ ቦታ እንሰብስብ ብሎ ጋበዘ፤ ክሩን ያስረዘመው ይኸው ግብዣ ነው።

ምላሽ 1

አንዲት ፋርማሲስት ፈጥና መለሰች፦ አያቁም። ምራቅ ውስጥ ትንሽ ድኝ አለ፤ ቢዝመዝ ከእሱ ጋር ሲገናኝ ቢዝመዝ ሰልፋይድ የሚባል ጥቁር ነገር ይሆንና ምላስ ላይ ይቀመጣል። ጉበት በዚህ ውስጥ የለበትም። ጥቁረቱ መድኃኒቱ ባለቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። እስከዚያው ከእያንዳንዱ ክኒን በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ፣ ማታ ማታም ምላሱን ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት መጥረግ ያቀለዋል። የብረት ጣዕሙ ከሜትሮኒዳዞሉ ነው፤ እሱም አብሮ ይሄዳል። አደጋው ማቋረጡ ላይ ነው ስትል አጥብቃ አሳሰበች፤ በስድስተኛው ቀን የተተወ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ለምዶ ስለሚመለስ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የከበደ ይሆናል። ሜትሮኒዳዞል እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ ለሦስት ቀን ጠላም አረቄም እንዳይቀመስ የሚለውን ምክር ጨምራበታለች፤ ባይጠየቅም መነገር ያለበት ነው።

ምላሽ 2

የውስጥ ደዌ ሐኪም የሆነ ሰው ተስማማ፤ አንድ ነገር ግን እንዲስተካከል ፈለገ። ቢዝመዝ ሰገራንም ያጠቁራል። የጨጓራ ሕመምተኛ ደግሞ ከቁስሉ ሊደማ የሚችል ሰው ስለሆነ ጥቁር ሰገራን ሁሉ በመድኃኒቱ ማሳበብ አይገባም። በቢዝመዝ የጠቆረው ቅርጹን እንደያዘ የሚወጣ ነው። የደም ሰገራ ግን እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፣ ያብለጨልጫል፣ ሽታውም የሚረሳ አይደለም፤ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠንና ሲቆሙ መውደቅም አብሮት ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው የታየበት ሰው ስለ ምላሱ መጠየቁን ትቶ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ቢዝመዙ ከአስፕሪን ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነም አስፕሪን የማይስማማው፣ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ፣ ወይም ከ12 ዓመት በታች የሆነ ሰው ራሱ ገዝቶ እንዳይወስደው አስጠነቀቀ። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ሮዝ ሽሮፕ፣ ፔፕቶ ቢዝሞል፣ ይኸው ነው።

ምላሽ 3

በክሩ ከተጻፈው ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። የጥርስ ሐኪም ናት። ቀለሙ ምን እንደሆነ ከመጠየቅ በፊት ቀለሙ የተቀመጠው የት ላይ እንደሆነ መታወቅ አለበት፣ ሽፋኑ ላይ ነው ወይስ ሥጋው ላይ? በማለት ጀመረች። ከዚያ የምታደርገውን በቅደም ተከተል ዘረዘረች። ሰውየው ላለፉት ሁለት ሰዓታት ከቡና፣ ከሻይና ከከረሜላ ይጦም። በቀን ብርሃን ይቀመጥ፤ ቢጫ አምፖል ነጩን ቢጫ ያስመስላል። ምላሱን ያውጣ፤ ጫፉ በደረቅ ጎዝ ይያዝና ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሳብ፤ ጎኖቹ ካልታዩ ምርመራው ግማሽ ነው። ከዚያ መሃሉ በእርጥብ ጎዝ አሥር ጊዜ ያህል ይጠረግ። ቀለሙ ጎዙ ላይ ከወጣ ምግብ፣ መድኃኒት ወይም ሽፋን ነው። ከተጠረገ በኋላ ሥሩ ቀይና የሚደማ ከሆነ ፈንገስ ይታሰብ። ጨርሶ የማይነቃነቅ ከሆነ ግን ሥጋው ራሱ ተለውጧል፤ ጥያቄውም ሌላ ይሆናል።

ቀጥላ ጥቁር ምላስ ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራውን ለሁለት ከፈለችው። አንዱ የፋርማሲስቷ ነው፣ ላይ ላዩን የተቀባ። ሌላው ጥቁር ፀጉራም ምላስ የሚባለው ነው። ምላስ ላይ ያሉት ክር መሰል ጥቃቅን ጉጦች በጤናቸው ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ጫፋቸው በምግብ እየታሸ ይረግፋል። መርገፉ ሲቀር እየረዘሙ ከ3 ሚሊ ሜትር ያልፋሉ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚደርሱም አሉ፤ በመካከላቸው ባክቴሪያ፣ እርሾ፣ የቡና ዝቃጭና የሲጋራ ጭስ ያጠራቅማሉ። ቀለሙ ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ቡናማ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሚያመጡት ማጨስ፣ የአፍ ድርቀት፣ ለቀናት ለስላሳ ምግብ ብቻ መብላት፣ አንቲባዮቲክ፣ ብሩሽ ምላስን አለመንካቱ ናቸው። ስለዚህ የጠያቂው ደንበኛ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል፤ ቢዝመዙ ይቀባዋል፣ ቴትራሳይክሊኑ ደግሞ ተመጣጥኖ የኖረውን የአፉን ባክቴሪያ ያናጋዋል። ፀጉር መሰሉ ከሆነ ምላሱን ጠዋትና ማታ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጊዜ መጥረግ፣ ውኃ መጠጣት፣ ጠንከር ያለ ምግብ ማኘክ፣ ሲጋራውን መተው ነው። የምላስ መጥረጊያ ለሌለው የሻይ ማንኪያ ጠርዝ ተገልብጦ ያገለግላል፤ ማቅለሽለሽ እንዳይመጣ ሲጠረግ ትንፋሽን ማውጣት ይበጃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለውጥ ከሌለ ይታይ።

ምላሽ 4

በጨዋነት የተጻፈ አጭር ምላሽ። ሐኪሟን አመስግኖ ሎሚና ጨው፣ ካልሆነም የቁስል ማጠቢያውን ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ጥጥ ላይ አድርጎ ማሸት ቶሎ እንደሚያጸዳ ጠቆመ።

ምላሽ 5

ሐኪሟ ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ለዘብ አላለችም። ፐሮክሳይድ አፍን አዘውትሮ ማጠብ ራሱ ጉጦቹን ከሚያስረዝሙት ነገሮች አንዱ ስለሆነ እሳትን በቤንዚን ማጥፋት ነው። ሎሚ የጥርስን ላይኛ ሽፋን ይበላል፤ ከሎሚ በኋላ ወዲያው የሚቦረሽ ሰው ደግሞ የተለሰለሰውን ሽፋን በእጁ ይገፈዋል። ክሎርሄክሲዲን ያለበት የአፍ ማጠቢያም ራሱ ምላስንና ጥርስን ቡናማ ያደርጋል፣ በተለይ ሻይና ቡና ከተከተለበት። የታዘዘለት ሰው ከጥርስ ሳሙና በኋላ 30 ደቂቃ ቆይቶ 10 ሚሊ ሊትር ለአንድ ደቂቃ ይያዝ፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ሻይ ቡና አይንካ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም ከሁለት ሳምንት አያሳልፈው።

ምላሽ 6 እና 7

ክሩ እዚህ ላይ ወደ ቡና ታጠፈ። አንዱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ በቀን ሦስት ጊዜ የሚያስቀምጥ ቤት ሁሉ ምላሱ ቡናማ መሆን አለበት ወይ ሲል በግማሽ ቀልድ ጠየቀ። ሌላው ቁም ነገር አደረገው፦ ቡናው ብቻውን ብዙ አይሠራም፤ የሚጠቃው ምራቅ ያነሰው አፍ ነው። ጫት ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል፤ ጫት አፍ ያደርቃል፣ ድርቀቱን ለማስታገስ ለስላሳና ሲጋራ ይከተላል፣ ለሰዓታት የሚቆየው ጉርሻም ያቀልማል። ጉርሻው የሚያዝበት ጉንጭ ግን ከጊዜ በኋላ ነጭ፣ ሸካራና በጎዝ የማይነሳ ከሆነ ያ ከቀለም ያለፈ ነው፤ ለጥርስ ሐኪም ይታይ። ምላስ ብቻ የሚያይ መርማሪ ይህን ያልፈዋል ሲል ምላሽ 3ን ደገፈ፤ ጎዙ ጉንጭም ውስጥ ይግባ።

ምላሽ 8

የጤና ጣቢያ ነርስ ወደ ነጩ ዞረ። እንደ እርጎ ቁራሽ የሚነሳ፣ ሲነሳም ቀይ ሥር የሚተው ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ነው። ሕፃን ላይ ከወተት ሽፋን የሚለየው እንዴት ነው? ወተት በእርጥብ ጨርቅ በቀላሉ ይጠረጋል፣ ምላስ ላይ ብቻ ይሆናል፤ ካንዲዳ ጉንጭና ላንቃም ላይ አለ፣ ይይዛል። ለሕፃን 100,000 ዩኒት በሚሊ ሊትር ያለው ኒስታቲን ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በቀን 4 ጊዜ፣ ጡት ከጠባ በኋላ፣ ለ7 ቀን ይሰጠዋል፤ የእናቲቱ የጡት ጫፍ ካልታከመ ሕፃኑ መልሶ ይይዘዋል። አዋቂ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር አፉ ውስጥ እያንከባለለ ቢያንስ ለሁለት ደቂቃ ያቆየው፤ ወዲያው የሚውጡት ስለሆኑ ነው ብዙዎች አልሠራልኝም የሚሉት። የአስም ፓፍ የሚወስድ ሰው ፓፉ ስቴሮይድ ካለበት ከወሰደው በኋላ አፉን ተጉመጥምጦ ይትፋ። አንቲባዮቲክም ስኳርም ፓፍም በሌለበት አዋቂ ላይ ካንዲዳ ከታየ የኤችአይቪና የስኳር ምርመራ ይቅረብለት። ሲውጥ ደረቱን የሚያመው ከሆነ ፈንገሱ ጉሮሮ ወርዷል፤ ኒስታቲን አይበቃውም። በምላስ ጎን ላይ እንደ ቆርቆሮ ሽንትር የተደረደረ፣ የማይጠረግ ነጭ መስመር ደግሞ ካንዲዳ አይደለም፤ እሱም ኤችአይቪን ያስጠረጥራል። በስተመጨረሻ ኒስታቲን ከሌለ ጂቪ ይቀባ አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳያብራራ ተወው።

ምላሽ 9

ያልተብራራውን ያዙበት። አንዲት የሕፃናት ክፍል ባለሙያ ጂቪ የሚባለው ጄንሺያን ቫዮሌት ለቆዳ በሚቀርብበት 0.5 በመቶ አፍ ውስጥ እንደማይገባ አስታወሰች፤ ለአፍ እኩል በንጹሕ ውኃ ቀጥኖ 0.25 በመቶ ሆኖ ነው። እጅ ይታጠባል፣ አፉ ጣት ላይ በተጠቀለለ ጨው ውኃ በነካ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል፣ በቀን 2 ጊዜ ይቀባል። ከበረታ ራሱ ያቆስላል። ከዚህ ሌላ ለቀናት ሐምራዊ ሆኖ የሚቆይ ምላስ ቁስሉ መዳኑን እንዳናይ ይሸፍናል፤ ለሚቀጥለው ተረኛ ነርስም መርዶ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2019 በካንሰር ሥጋት ምክንያት ስለዚህ ቀለም ማስጠንቀቂያ ማውጣቷንም አነሳች። ኒስታቲን ካለ ወደ ጂቪ የሚኬድበት ምክንያት የለም ነው አቋሟ።

ምላሽ 10

ይሄኛው በእርግጠኝነት የተሞላ ነበር። ነጭ ሽፋን የለበሰ፣ ጫፉና ዳሩ ቀይ የሆነ ምላስ ታይፎይድ ነው፤ ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ይሠራ፣ ከወጣ ይታከም። ለዚህ ብዙ ምርመራ አያስፈልግም።

ምላሽ 11

ድምፁ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። እስካሁን ሁሉም እርስዎ ሲባባሉ ቆይተው የላቦራቶሪው ባለሙያ አንተ ብሎ ጀመረ። ምላሱ በታይፎይድ እንደዚያ ሊሆን መቻሉን አልካደም፤ ነገር ግን ትኩሳት ኖሮት ሦስት ቀን ያልበላ ሰው ሁሉ ምላሱ ይለብሳል፣ ወባም ቢሆን ጉንፋንም ቢሆን። ዊዳል ደግሞ ጀርሙን አያይም፤ የሚለካው ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው። ያ ካለፈ ዓመት ሕመም ተርፎ ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ የሳልሞኔላ ዘርም ሊመጣ ይችላል። የተለበሰ ምላስና አንድ ዊዳል ተደምረው ታይፎይድ አይሆኑም፤ የሚያረጋግጠው የደም ካልቸር ነው፣ እሱም አንቲባዮቲክ ሳይጀመር የተወሰደ። በዚህ መንገድ ያለ ምክንያት የተሰጠው አንቲባዮቲክ ሳምንት ሳይሞላው ካንዲዳ ወይም ፀጉራም ምላስ ይዞ እንደሚመለስ፣ ያኔም ያው ሰው ታይፎይዱ አልለቀቀም እንደሚባል ጻፈ። መጨረሻው ላይ ስለ መላሹ የሥራ ችሎታ የጨመረው አላስፈላጊ ነበር፤ አስተባባሪውም ያን መስመር አንስቶታል። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ምላሽ 12

አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ለማብረድ ገባች። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ምላሱ ነጭ ቢለብስ ሕመም አይደለም። ሳይታኘክ ምራቅ ይቀንሳል፤ ሳይበላ ጉጦቹ አይታሹም። ማታ ሲበላና ሲጠርገው ይነሳል። ቀጥላ ግን ጾምን ከገረጣና ከላላጠ ምላስ ጋር አያያዘች፤ ሥጋና ወተት ረጅም ጊዜ የሚተው ሰው ቫይታሚን ቢ12 ስለሚያንሰው ምላሱ ቀይና ልሙጥ ይሆናል አለች።

ምላሽ 13

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ተመልሶ በከፊል ብቻ ተስማማ። ጉጦቹ ሟሙተው እንደተወለወለ ቆዳ ያበራ፣ በርበሬ የሚያቃጥለው ምላስ የቢ12፣ የፎሌት ወይም የብረት እጥረት ምልክት ነው፤ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሲሆን፣ የከንፈር ጥግም ሲሰነጠቅ፣ የሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) እጥረት ይታሰባል። ግን ሰውነት፣ በተለይም ጉበት፣ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ግራም ቢ12 አከማችቶ ይይዛል፤ የቀን ፍላጎት 2.4 ማይክሮ ግራም ነው። ስለዚህ አንድ ሁዳዴ ቀርቶ ብዙ ሁዳዴም በመሃል ፍስክ ያለውን ሰው አያራቁተውም። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ውጤት የራቀ መናኝ ወይም ፍስኩም ጾሙም አንድ የሆነበት ድሃ ቤት ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን ለዓመታት ስለ መውሰድ፣ ኦሜፕራዞልን እንደ ቁርስ ስለ ማዘውተር፣ እንዲሁም ስለዚያው የጨጓራ ባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያው የጨጓራን ግድግዳ ሲጎዳ ብረትም ቢ12ም በወጉ አይገቡም። ክሩ ሳያስበው ወደ መነሻው ሰው ተመለሰ።

ሁለት ነገር አከለ። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ሲሰጥ ደሙን ያስተካክልና የቢ12 እጥረቱን ይሸፍነዋል፤ እግር መደንዘዙና ነርቭ መጎዳቱ ግን በስውር ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ ምላስ ገረጣ ተብሎ ብረት አይጀመርም፤ ሄሞግሎቢን ይለካ። ለአዋቂ ሴት ከ12፣ ለነፍሰ ጡር ከ11፣ ለወንድ ከ13 ግራም በዴሲ ሊትር በታች የደም ማነስ ነው። ይህ ግን የባሕር ጠለል ልኬት ስለሆነ በአዲስ አበባ ከፍታ ከሚነበበው ቁጥር 1 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ተቀንሶ ነው የሚታየው። 12.4 ያላት የአዲስ አበባ ሴት ደህና ነሽ ተብላ የምትመለሰው ይህ ቅናሽ ስለሚረሳ ነው።

ምላሽ 14

ፋርማሲስቷ በአጭሩ፦ የብረት ሽሮፕም ምላስና ጥርስ ያጠቁራል። በውኃ ይቅጠን፣ በስትሮ ወይም ወደ ኋላ ተጠግቶ ይሰጥ፣ ከዚያ አፍ ይታጠብ። ከሻይና ቡና ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራቅ። ከቴትራሳይክሊን ጋርም አይገናኝ፤ ተያይዘው ሁለቱም ሳይጠቅሙ ይወጣሉ። ወተትም ለቴትራሳይክሊን እንደዚያው ነው።

ምላሽ 15

የቆዳ ሐኪም ነው። እስካሁን የተረሳው የማይጠረገው ጥቁር ነው አለ። በምላስ ጫፍና ጎን ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ይዘው የሚመጡ ወጣቶች አሉ፤ ቀረብ ብሎ ሲታይ ቀለሙ የተቀመጠው ክብ ክብ በሆኑት ጉጦች ራስ ላይ ብቻ ነው፤ ለዓመታት አይቀየርም። ይህ ጠቆር ያለ ቆዳ ባለን ሰዎች ዘንድ የተለመደ የተፈጥሮ ቀለም ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ አያስፈልገውምም። መፋቅ ያቆስላል እንጂ አያነሳውም። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ዚዶቩዲን የሚወስድ ሰው ምላሱና ጥፍሩ ላይ ጥቁር ሰረዝ ሊያወጣ ይችላል፤ እሱም ጉዳት የለውም፣ ለዚያ ብሎ መድኃኒት የሚያቋርጥ ግን ይጎዳል። የሚያስፈራው አዲስ የመጣ፣ ምላስን፣ ድድንና የመዳፍ መስመርን በአንድነት የሚያጠቁር፣ ክብደት መቀነስ፣ ጨው ማማርና ብድግ ሲሉ ዓይን መጨለም ያለበት ነው። ያ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች መድከም ነው፤ ቲቢ ካደረሳቸው ጉዳት ሊመጣ ይችላል። ሕክምናው ካልተጀመረ በአንድ ተራ ተቅማጥ ሰው ሊሞትበት ይችላል።

ምላሽ 16

አንድ ሰው የድድ ንቅሳትን አነሳ። በውጭ አገር ያሉ የጥርስ ሐኪሞች የእናቶቻችንን የተነቀሰ ድድ አይተው በሽታ ነው ብለው እንደሚጨነቁ፣ ናሙና ለመቁረጥ እንደሚያስቡም ጻፈ። ከርእሱ የወጣ ነው፤ ሆኖም ለአስተርጓሚዎች ይጠቅማል፦ በመርፌ የገባ ጥላሸት መሆኑን፣ በስንት ዓመቷ እንደተነቀሰች መንገር ይበቃል።

ምላሽ 17

የሰማያዊው ተራ ደረሰ፤ የጻፈችው የማደንዘዣ ባለሙያ ናት። ጣት ሲሰማይ ብርድ ሊሆን ይችላል፤ ምላስ ግን ሁልጊዜ ሞቃት ስለሆነ እሱ ከሰማየ ኦክስጅን ከደሙ ጎድሏል ማለት ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ከንፈር ሊያታልል ስለሚችል ከምላስ ሥር ይታይ። ሰማያዊነት የሚታየው ኦክስጅን ያልያዘ ሄሞግሎቢን ወደ 5 ግራም ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢኑ 6 የሆነ ሰው እየታፈነም ላይሰማይ ይችላል፤ ገርጥቶ ይሞታል።

ከዚያ ብዙ ሰው የማያውቀውን አነሳች። ኦክስጅን ሲሰጠው የማይለወጥ፣ በጣት የኦክስጅን መለኪያው 85 በመቶ አካባቢ ተቸንክሮ የሚቀር ሰማያዊ ሰው ደሙ ኦክስጅን መሸከም ወደማይችል ዓይነት ተቀይሯል። ዳፕሰንና ፕሪማኩዊን የተባሉት መድኃኒቶች፣ ድድ ለማደንዘዝ የሚቀባ ቤንዞኬይን፣ ለሕፃናት ደግሞ ናይትሬት የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ያመጡታል። ቤንዞኬይን ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጥርስ ማብቀያ እንዳይቀባ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 አስጠንቅቋል፤ ከውጭ የሚላኩ የሕፃን ጄሎች ላይ ስሙን ፈልጉ አለች። የአልጋ አጠገብ መለያው ቀላል ነው፦ አንድ ጠብታ ደም ነጭ ጎዝ ላይ ይንጠብ። ተራው ጥቁር ደም አየር ሲነካው ይቀላል፤ ይሄኛው ቸኮሌት እንደመሰለ ይቀራል። መድኃኒቱ ሜቲሊን ብሉ ነው፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ በደም ሥር በ5 ደቂቃ ቀስ ተብሎ፤ ጂ6ፒዲ የሚባለው የደም ኢንዛይም የጎደለው ሰው ላይ ግን አይሠራም፣ ደሙንም ይሰባብራል።

ምላሽ 18

ነርሱ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አመጣ። ምላሱ ሐምራዊ ሆነ ተብሎ በሩጫ ጤና ጣቢያ የደረሰ ልጅ ኪሱ ሲፈተሽ የዶቅማ ፍሬ ሞልቶታል። አጋምም እንደዚያው ያደርጋል። ኦክስጅን ያጣ ልጅ ጥርሱ አይሰማይም፤ ፍሬ የበላ ልጅ ግን ጥርሱም፣ ጣቱም፣ ሸሚዙም ተመሳሳይ ነው።

ምላሽ 19

የሕፃናት ክፍሏ ባለሙያ ቀይ ምላስ በልጅ ላይ ሲታይ እንዳይታለፍ ጠየቀች። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ሽፍታ፣ ምላስ መጀመሪያ ነጭ ለብሶ ቀይ ነጥቦች ብቅ ብቅ ያሉበት፣ ከ4ኛው ቀን ገደማ በኋላ ሽፋኑ ተገፎ እንደ እንጆሪ የቀላ፤ ይህ ስትሬፕቶኮከስ ነው። እንጥል በመቁረጥ አይድንም፤ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ለ10 ቀን፣ ወይም አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ያስፈልገዋል፤ መጠኑ ከ27 ኪሎ በታች 600,000 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ 1,200,000 ዩኒት ነው። ያልታከመው የልብ በሮችን (ቫልቮችን) ሊጎዳ ይችላል፤ በአገራችን የልብ ቀዶ ጥገና ወረፋ ላይ ካሉት ወጣቶች ብዙዎቹ የጀመሩት ከጉሮሮ ነው። ትኩሳቱ 5 ቀን ካለፈ፣ ዓይን ያለ ዓይነ አር ከቀላ፣ ከንፈር ከተሰነጠቀ ካዋሳኪ የሚባለው የልጆች በሽታ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ምላሽ 20

የእንስሳት ሐኪም ጠየቀ እንጂ አልመለሰም፤ ሰማያዊ ምላስ ሲባል በጎች ለምን ተረሱ? ከዚያ ራሱ መለሰ። በሽታው ብሉታንግ ይባላል፣ ቫይረሱን የምታስተላልፈው ኩሊኮይደስ የተባለች ደቃቅ ነካሽ ዝንብ ናት፤ ሰው ላይ አይተላለፍም። በጉ ያተኩሳል፣ አፉ ያብጣል፣ ይለሃጫል፣ ያነክሳል፤ ምላሱ የሚሰማየው ግን በጠናባቸው ላይ ብቻ ነው። ምላሱ ቀይ ነው ብሎ በሽታው የለም የሚል እረኛ ይሳሳታል።

ምላሽ 21

አስተባባሪው በጉን ከበረቱ ለማስወጣት ይመስላል፣ ሳይጠበቅ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደውን የምላስ ለውጥ ብቻ ጠየቀ። የጥርስ ሐኪሟ በጥቂት መስመር ጨረሰችው፦ ጎኑ ወይም ሥሩ ላይ ያለ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ቁስል፤ በጎዝ የማይነሳ ነጭ ወይም ቀይ እድፍ፣ በተለይ ሲዳሰስ ጠጠር ያለ፤ ሰማያዊ ምላስ፤ ከምላስ በታች ቢጫ የሆነና ዓይነ ነጩም አብሮ የቢጨ። በካርታ ቅርጽ የተላጠ፣ ዳሩ ነጭ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚዞር እድፍ ግን ከመቶ ሰው ከአንድ እስከ ሦስቱ ላይ የሚታይ ነው፤ ሚጥሚጣ ካላቃጠለው ይተው።

ምላሽ 22

ጠያቂው ተመለሰ። የደንበኛው ምላስ በእርጥብ ጎዝ ተጠርጎ ጥቁሩ ጎዙ ላይ ወጥቷል፤ ሥሩ ሮዝ ነው፣ የረዘመ ጉጥ የለውም፣ ሰገራው ጥቁር ቢሆንም አይጣበቅም። ቢዝመዝ ብቻ ነው ማለት ነው፤ 14 ቀኑን እንዲጨርስ ተነግሮታል። የቀረው ባክቴሪያው መጥፋቱን በሰገራ ምርመራ መቼ ማየት እንደሚቻል ነበር። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ከዚያው ሥር ጻፈለት፦ አንቲባዮቲኩና ቢዝመዙ ካለቀ 4 ሳምንት ይሙላ፣ ኦሜፕራዞሉም ቢያንስ 2 ሳምንት ይቁም፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ምርመራ የተደበቀውን ባክቴሪያ የለም ይላል። የደም ምርመራው ለዚህ አያገለግልም፤ ከዳነም በኋላ ለወራት አለ ሊል ይችላል።